ለእንግዳ የጸዳ ኮድ

ሥራዋን ለቤተሰብ ማስረዳት አልሆንላት ሲል ቤተሰቡ ራሱ ስም አወጣላትና «ስጡኝ» አላት። ኧረ ምን ይበላት! ጠዋት ተነስታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ከአንዱ የሶፍትዌር ድርጅት ወደ ሌላው እየዞረች «እባካችሁ፣ ለደንበኛ ብላችሁ የሠራችሁትን ያንን ነገር በነጻ አውጡት» ስትል የምትውል ሴት ሌላ ምን ትባላለች? አጎቷ ባገኛት ቁጥር «ዛሬስ ማንን ለምነሽ መጣሽ?» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን ትከራከረው ነበር፤ በኋላ አብራው መሳቅ ጀመረች።

ልመና ግን አልነበረም። የተቀጠረችበት ማኅበር ከፍራሽ መሸጫ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ትንሽ ማኅበር ነው። ሶፍትዌር ለመግዛት አቅም ለሌላቸው ክሊኒኮች አንድ የጋራ ፕሮግራም ያዘጋጃል። ፕሮግራሙ ኦፕን ሶርስ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ገሃድ ተቀምጧል፣ የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ይወስደዋል፣ የተሻለ ያወቀ ያስተካክለዋል። ድርጅቶቹ ታዲያ ይህንኑ ፕሮግራም ወስደው ለትልልቅ ደንበኞች ሲያቀርቡ የራሳቸውን ቁራጭ ይቀጥሉበታል። አንዱ ቀጠሮ የሚያስታውስ ክፍል ይሠራል፣ ሌላው የላብራቶሪ ውጤት የሚያደርስ። ቁራጮቹ ግን እዚያው ድርጅቱ ውስጥ ተቆልፈው ይቀራሉ። ጎረቤት ያለው ድርጅት ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ ሁለቱም እኩል ያበላሹታል። የስጡኝ ሥራ «ሠርታችሁታል፣ ተከፍሏችሁበታል፤ አሁን ደግሞ አውጡትና ሌላውም ይጠቀምበት፣ ስህተቱንም ያርምላችሁ» እያሉ መዞር ነው። ይህን ንግግር ከእንቅልፏ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቋት አንድ ቃል ሳትስት ታወርደዋለች።

ታላቅ እህቷ ደግሞ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። በሽተኛ ሲመጣ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የማይስማማውን መድኃኒት እየጠየቀች ኮምፒውተር ላይ የምትሞላው እሷ ናት። ጠንቃቃ ሴት ናት፤ ጠንቃቃ ስላችሁ፣ ቤቷ ገብታችሁ አንድ ማንኪያ ከቦታው ብታነሱ ሳትዞር የምታውቅ ዓይነት። ክሊኒኩ የሚጠቀመው የእነስጡኝን ፕሮግራም ሲሆን፣ ፕሮግራሙ አንድ ክፉ አመል አለው። ካርዱ ተሞልቶ ሳያልቅ መብራት ከሄደ፣ የተሞላው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። መብራቱ ደግሞ ይሄዳል፤ ሲሻው በቀን ደጋግሞ ይሄዳል። ክሊኒኩ ያለውን አንድ ባትሪ ለክትባት ማቀዝቀዣው ሰጥቶታል፣ ለካርድ ክፍል የተረፈ የለም። መብራት ሲመለስ በሽተኛው ሐኪም ጋ ገብቷል፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ የዚያኛው ካርድ ባዶውን ይቀራል።

እንዲህ ባዶ ከቀሩት ካርዶች አንዱ የአንድ ሽማግሌ ነበር። የማይስማማቸው መድኃኒት ተሰጣቸውና ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ተደፈነ። ደግነቱ ተረፉ። እህትየው «እኔ ጽፌዋለሁ፣ በእጄ ጽፌዋለሁ!» ብላ ብትምልም ካርዱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። የክሊኒኩ ኃላፊ ቢሮው ጠርቶ አስቀመጣትና ድምፁን ሳያነሳ፣ ከእንግዲህ አንድ ካርድ ቢጠፋ እንደሚሰነባበቱ ነገራት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ሥራ ነው።

«ስጡኝ፣ ያንቺ ፕሮግራም እኮ ሊያስባርረኝ ነው» አለቻት። እየሳቀች ነበር የተናገረችው።

ከዚያ ወዲህ ስጡኝ ሰላም አጣች። መፍትሔውን ያገኘችው ሳታስበው ነው። ጥርሷን አሟት አንድ የሀብታሞች ሆስፒታል ሄዳ ስትመዘገብ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ስጡኝ «ወይኔ!» ስትል እንግዳ ተቀባይዋ ግን ጥፍሯን እያየች ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጠበቀች። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ ካርዱም ከቆመበት ፊደል ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ስጡኝ ጥርሷን ረስታው ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጎተተች። ያው የእነሱ ፕሮግራም ነው! ካርዱን ያዳነው አንድ ድርጅት ለሆስፒታሉ ብሎ የቀጠለበት ቁራጭ ነው።

ድርጅቱ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የድርጅቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው፣ ብድግ ብለው ተቀበሏት። ስጡኝ ንግግሯን ልትጀምር ጉሮሮዋን ስትጠርግ አስቆሟት።

«ይሄማ ምን ችግር አለው የኔ እህት! የበሽተኛ ነገር አይደለም እንዴ? ውሰጂው፣ የናንተው ነው!»

ተዘጋጅታ የመጣችበት ክርክር ሁሉ ሆዷ ውስጥ ቀረ። ደረጃውን እየዘለለች ወረደችና ለእህቷ ደወለች፤ «እትዬ፣ አለቀ! ሰጡን!»

አላለቀም። ሳምንት ጠበቀች፣ የሚወጣ ኮድ የለም። ደወለች። «እሺ፣ እያየነው ነው» አሏት። እንደገና ሄደች። ጋሼ በሳቅ ተቀብለው «እስካሁን አልለቀቁልሽም? እኔ እኮ ጨርሻለሁ፤ ምናልባት ጠበቃችን ጋ ይሆናል» አሉ። ጠበቃዋ ጋ ሄደች። «እኔ ከመጀመሪያውም ተቃውሞ የለኝም፤ ከሆስፒታሉም ጋር ጨርሰናል። ፕሮግራመሩን ጠይቂው» አለቻት። ፕሮግራመሩ ጋ ሄደች። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «እሺ» አላት። «መቼ?» ስትለው አሁንም «እሺ» አለ።

ነገሩ ዞረባት። ፈርተው ይሆን ብላ ተወዳዳሪ ድርጅት ቢወስደው እንኳ የሚጎዳቸው ነገር እንደሌለ አስረዳች። «ኧረ እኛ ስለሱ አናስብም!» አሉ። ስማችን ይጠፋል ብለው ይሆን ብላ ስማቸው ከላይ በትልቁ እንደሚጻፍ ነገረቻቸው። «ኧረ ስም ምን ያደርግልናል!» አሉ። ደብዳቤ አመጣች፤ አመስግነው ተቀበሉ። እምቢ ያለ ሰው የለም፣ የሰጠም የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ፊት ለፊት እምቢ የሚል ሰው ይባረክ! እምቢ ያለ ሰው ቢኖርማ እሷ ትችልበታለች፣ ታሳምነዋለች፣ ሥራዋ ነው። አሁን ግን ማንን ታሳምን? ወደ ቤቷ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ሆና ከራሷ ጋር ታወራለች፤ እነዚህ ሰዎች ሰጥተውኛል ወይስ ከልክለውኛል?

እህቷ በበኩሏ የራሷን ዘዴ ፈጥራ ነበር። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ትጽፍና ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ትገለብጣለች። ካርድ መጥፋቱ ቆመ፤ ሰልፉ ግን ግቢውን ሞላው። በሽተኛው ያጉረመርም ጀመር። ኃላፊው መጥቶ አየና «አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ የሚሠራው የት አገር ነው?» ብሎ ወረቀቱን ከለከላት።

አንድ ቀን ስጡኝ ደረጃውን ስትወጣ ፕሮግራመሩ ዳቦ ይዞ ከኋላዋ ሲመጣ አገኘችው። ቢሮው ውስጥ ቢሆን ስክሪኑ ውስጥ ይደበቅ ነበር፤ እዚህ ግን መውጫ የለውም። መሐል ደረጃ ላይ ቆመችበት።

«ወንድሜ፣ በእናትህ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እውነቱን። ማነው እምቢ ያለው?»

ዳቦውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ጆሮው ቀላ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«ቆሻሻ ነው።»

«ምኑ?»

«ኮዱ ነዋ! ቆሻሻ ነው። ሰው የሚያየው ነገር አይደለም።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ አሳያት። ፕሮግራመሮች በኮዱ መሐል ማሽኑ የማያነበው ማስታወሻ ለራሳቸው ይጽፋሉ። የእሱ ማስታወሻዎች ጉድ ነበሩ። አንዱ ጋ «ይህን የጻፍኩት ሰውዬው ዛሬ ካልጨረስክ ብሎ ስለቆመብኝ ነው፤ እኔ እብድ አይደለሁም» ይላል። ዝቅ ብሎ «ሰውዬው ነገ ሐሳቡን ስለሚቀይር ከዚህ በታች ያለውን አትመኑ» ይላል። ከዚያም በታች ሰውዬው ላይ የወረደ፣ እዚህ የማልደግመው ነገር አለ። ስጡኝ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ሰውዬው ማነው?»

ፕሮግራመሩ ቀና ብሎ ወደ አራተኛ ፎቅ አየ።

«ስድቡ እንኳ ይፋቃል» አለ። «ኮዱ ራሱ ግን የተጣጣፈ ነገር ነው። ዓለም ሁሉ ያየዋል ትያለሽ፤ እኔን የሚያውቀኝ ሰውም ያየዋል። አንቺ እንግዳ እየመጣ ቤትሽን ሳትጠርጊ በር ትከፍቻለሽ?»

እሷም ያደገችው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። እናቷ እንግዳ ደጅ ቆሞ እያንኳኳ ምንጣፍ የምታራግፍ ሴት ነበረች። በዚህ ሥራ የኖሩ ሰዎች ሁሉ እንደ ቆሸሸ አውጡት እንጂ አትጠብቁ እንደሚሉ ታውቃለች፤ ራሷም ስንቱን መክራበታለች። ግን ፕሮግራመሩ አሳዘናት። ደግሞም ከዚያ ሁሉ ግራ መጋባት በኋላ የሚጨበጥ ምክንያት በማግኘቷ ደስ ብሏት ነበር።

«እሺ፣ አጽዳው» አለችው።

አጸዳው። ከልቡ አጸዳው። ስድቡን ፋቀ፣ የተጣጣፈውን ፈታ፣ የተዘበራረቀውን ደረደረ፣ ምን እንደሚሠራ ያልገባውን ሁሉ ሰርዞ ጣለ። ከዚያ ጋሼ ራሳቸው ለስላሳ አስገዝተው፣ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ስለ በጎነት ንግግር አድርገው ኮዱ ወጣ። ፎቶ ተነሱ። ስጡኝ መሐል ላይ ቆማ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። በማግሥቱ የክሊኒኮቹን ኮምፒውተር እየዞረ የሚያየው ቴክኒሻን አወረደውና እህቷ ማሽን ላይ ጫነው።

እህትየው በደስታ የምትሆነውን አጣች። ኃላፊው ቢሮ ድረስ ሄዳ «ዶክተር፣ ከእንግዲህ ካርድ አይጠፋም፤ እህቴ መፍትሔ አምጥታለች» አለችው።

«እሰይ! እንግዲህ ሰበብ የለም ማለት ነው» አለ።

«የለም!» አለች በኩራት።

ከዚያ መብራት ሄደ። ወንበሩ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። እህትየው «አይዞሽ፣ አሁን እኮ አይጠፋም፤ ግቢ ሐኪሙ ይጠብቅሻል» ብላ ሸኘቻት። መብራቱ ሲመለስ ካርዱ ነጭ ወረቀት ሆኖ ወጣ። ዓይኗን አላመነችም። ኮምፒውተሩን አጠፋችው፣ አበራችው። ምንም የለም። በማግሥቱም አንድ ጠፋ፣ ከዚያም ሌላ። ሰበብ የለም ብላ በገዛ አፏ ተናግራለች፤ አሁን ምን ትበል? ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሰዓታት አስቦበት ነው ደብዳቤውን የፈረመው። ስጡኝ ስልኩን ስታነሳ እህቷ «አስወጡኝ» ብቻ አለችና ዘጋችው።

ስጡኝ አራተኛ ፎቅ እንዴት እንደ ደረሰች አታውቅም።

«አይሠራም!» አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጥ።

ፕሮግራመሩ ደነገጠ። «እንዴት አይሠራም? ይሠራል እኮ።» ካርድ ከፈተ፣ ስም ሞላ፣ ሳይጨርስ ፕሮግራሙን ዘጋው። መልሶ ከፈተው። የሞላው ሁሉ አለ። «አየሽ?» ደገመው። አሁንም አለ። ሠራተኞቹ ዙሪያዋን ከበው በሐዘኔታ ያይዋታል።

ስጡኝ ስክሪኑ ላይ እንደ ፈዘዘች ቀረች። ይሠራል። በዓይኗ አየችው። ታዲያ እዚያ ምን ተፈጠረ? ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ እትዬ ራሷ የሆነ ነገር እየነካች ቢሆንስ? ይህን ማሰቧን ስታውቅ ልቧ ድንግጥ አለ። ያቺን ማንኪያ የምትቆጥር ሴት ጠረጠረቻት! ንዴቷን በማን ላይ እንደምታወርደው ጠፋት።

«መብራት ሲሄድስ ሞክረኸዋል?»

«እዚህ እኮ መብራት አይሄድም» አለ። «አዲሱ ቢሮ ከገባን ወዲህ ባትሪ አለን።»

ጎንበስ አለች። ጠረጴዛው ሥር ገባችና ሶኬቱን ጎትታ ነቀለችው። «ኧረ! ኧረ!» ብለው ተንጫጩ። ስክሪኑ ጠፋ። መልሳ ሰካችው፤ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ጠበቀ። ካርዱ ተከፈተ። ባዶ ነበር።

ፕሮግራመሩ አፉን ያዘ። ኮዱ ሲጸዳ ከርሞ፣ ሲመረቅ፣ ፎቶ ሲነሳለት፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ሶኬት ነቅለው አላዩትም! ፕሮግራሙን በጨዋ ደንብ ዘግተው በጨዋ ደንብ ከፈቱት፤ መብራት ደግሞ በጨዋ ደንብ አይሄድም። አሮጌውን ኮድ ከፍቶ ሲያየው ነገሩ ተገለጠ። የድሮው ቢሮ እያሉ፣ መብራት በቀን በቀን እየሄደበት፣ ተናዶ ያስገባት አንዲት መስመር አለች፤ ማሽኑ የተጻፈው ነገር ዲስኩ ላይ በትክክል እስኪቀመጥ ወደፊት እንዳይሄድ የምታስገድድ። ከጎኗ «ለምን እንደምትሠራ አላውቅም፤ የነካት እጁ ይሰበር» ተብሎ ተጽፏል። በራሱ እጅ የጻፈውን ረስቶት፣ ከሁሉ በላይ ያሳፈረችው እሷ ስለነበረች ከሁሉ በፊት የሰረዛት እሷን ነበር።

«እመልሳታለሁ» አለ። «ግን ሌላ ምን እንዳበላሸሁ አላውቅም። የሚታመነው አሮጌው ነው። እንዳለ።»

እንዳለ ማለት ከነስድቡ ማለት ነው፤ ዳግመኛ እጁን ሊያስገባበት ፈርቷል። ጋሼ ተጠሩ። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉና ማንበብ ጀመሩ።

«ሰውዬው የሚለው እኔን ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

ቀጠሉ። ገጹን ወደ ታች ገፉት፣ አሁንም ገፉት።

«ብዙ ቦታ ላይ አለሁ» አሉ።

ፕሮግራመሩ አንገቱን ደፋ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና ለብዙ ጊዜ ጠረጉት። «የሷ እህት ሥራ ካጣች እኔ የተሰደብኩት ምን ይደንቃል፤ ልቀቀው» ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ። ያን ቀን አልወጡም። ስጡኝ ልታመሰግናቸው በሩ ድረስ ሄዳ እጇን አንስታ ሳታንኳኳ ተመለሰች።

አሮጌው ኮድ ወጣ። ቴክኒሻኑ ክሊኒኩ ሄዶ ለወጠው። ስጡኝ ካርድ ጠፍቶ እንደሆነ በየቀኑ እየደወለች ትጠይቀዋለች፤ አልጠፋም ይላታል። ሲበቃት፣ እርግጠኛ ስትሆን፣ የደረት ኪሷ ውስጥ ማስረጃ የያዘች ያህል ተዝናንታ ኃላፊው ቢሮ ገባች። በሕይወቷ ስንቱን አሳምናለች! ይሄ ደግሞ እውነት የያዘ ጉዳይ ነው። በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል በእህቷ ወንበር ላይ የተቀመጠች ወጣት ትታያለች።

ሁሉንም ነገረችው፤ የጸዳውን፣ የቆሸሸውን፣ ሶኬቱን፣ መስመሯን። ኃላፊው ሳያቋርጥ ሰማት።

«መጀመሪያ የገባው እህትሽ እያለች ነው አይደል?»

«አዎ ዶክተር፤ ግን ያ አይሠራም ነበር። አሁን ያለው ሌላ ነው።»

«ስሙ ሌላ ነው?»

«ስሙ ያው ነው።»

«ገዝተነዋል? ደረሰኝ ይኖራል?»

«አይገዛም እኮ፤ ነጻ ነው። ቴክኒሻኑ አውርዶ ለወጠው።»

«ጠይቄዋለሁ። ያንኑ ነው ያደስኩት አለኝ። ምን ያህል ጊዜ ፈጀብህ ስለው ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ አለኝ።» ወደ ፊት ጠጋ አለ። «የኔ እህት፣ ሻይ ጠጥቶ በማያስጨርስ ነገር ነው ያ ሁሉ ካርድ የጠፋው?»

«አንዲት መስመር ናት ዶክተር! ኢንተርኔት ላይ አለች፤ ማንም ሰው ገብቶ ሊያያት ይችላል። ላሳይዎት!»

ስልኳን አውጥታ አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየው፤ በእውነት ሞከረ፤ ግንባሩን ቋጠረ።

«ማንም ሊያነበው ይችላል ትይኛለሽ» አለ። «እኔ ግን አልችልም።»

ያኔ መብራት ሄደ። ሁለቱም በመስኮቱ ወደ ካርድ ክፍሉ ዞሩ። ወጣቷ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። መብራቱ መጣ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ልጅቷ ካቆመችበት ቀጠለች። በሽተኛው እንኳ ከወንበሩ አልተነሳም።

«አየሽ?» አለ ኃላፊው፣ በርኅራኄ። «ክፍሉ ያው፣ ኮምፒውተሩ ያው፣ ፕሮግራሙ ያው፣ መብራቱም ያው ይሄዳል። የተለወጠው ሰው ብቻ ነው።»

ስጡኝ እንደገና በመስኮቱ ወደ ልጅቷ አየች። ያ ሁሉ የለፋችበት ነገር በትክክል እየሠራ ነው፤ እየሠራ ያለው ደግሞ በእህቷ ላይ ነው። ባይሠራ ኖሮ ልጅቷም ካርድ ታጠፋ ነበር፣ እትዬም ነጻ በወጣች! እንዲበላሽ ትመኝ? ሽማግሌው ትዝ አሏት፤ ምኞቷን ዋጠችው። ኃላፊው በር ድረስ ሸኛትና «እህትሽን ትወጃታለሽ፤ ደስ ይላል» አላት።

እህቷ ቤት ስትደርስ ልብስ እየተኮሰች አገኘቻት።

«እዚያ ሄድሽ አሉ» አለች እህቷ፣ ቀና ሳትል። «እንዴት ነው? አሁንም ይጠፋል?»

«አይጠፋም!» አለች ስጡኝ። «አንድም ካርድ አልጠፋም! ጥፋቱ የኮዱ ነበር ማለት ነው።»

እህቷ ካውያውን አቆመች።

«እኔ ከወጣሁ ወዲህ ምንም አልጠፋም?»

ስጡኝ የተናገረችው ነገር በእህቷ ጆሮ እንዴት እንደ ገባ ያኔ ተረዳች። ተንደርድራ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስረዳቻት። እህቷ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። ስትጨርስ «አንቺ እኔን ስለምትወጂ ነው» አለቻት። «ያቺ ልጅ ያዘለች ሴትዮ ጊዜ... እጄ የሆነ ነገር ነክቶ ይሆን? ሳስበው ሳስበው አላስታውስም።»

«እትዬ! ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ! በዓይኔ ነው ያየሁት!»

«እዚያ ያለውን አይተሻል። እኔን አላየሽኝም።»

ስጡኝ እንባዋ መጣ። እሷም እኮ ለአንድ አፍታ ጠርጥራታለች፤ ያንን መናገር አልቻለችም። ይልቅ ይዛ የመጣችውን የምሥራች አወጣች። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ ሌላ ክሊኒክ፣ የእነሱኑ ፕሮግራም የሚጠቀም፣ ልምድ ያላት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ይፈልጋል። አነጋግራቸዋለች፤ ነገ ትምጣ ብለዋል።

«ደግሞ እዚያም ያንን የሚሠራውን ጭነውታል» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። «መብራት ቢሄድ፣ ሶኬት ቢነቀል፣ ምን ቢመጣ ምንም አይጠፋም። ምንም የሚያስፈራሽ ነገር የለም።»

እህቷ የትንሿን ልጇን ቀሚስ አጥፋ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠች።

«እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ» አለች። «እዚያ አንድ ካርድ ቢጠፋ፣ ያኔ እኔ መሆኔን አውቃለሁ።»

በማግሥቱ አልሄደችም።